ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚነጠፍ አልጋ

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ዕድሜዬ 38 ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴም ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ባለፈው ሐምሌ የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል እያመሸሁ ሠራሁ፤ ቤት ገብቼ ስተኛም ቁጥሩ በዓይኔ ላይ እየዞረ እንቅልፍ ነሣኝ። ሒሳቡ ተዘጋ፣ ኦዲተሮቹም ሄዱ፣ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም፤ ይኸው ኅዳር ገባ። ድካሜን ለማካካስ ልጆቹን አስተኝቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እገባለሁ፤ ነገር ግን እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ 7 ሰዓት እየተገላበጥሁ ሰዓት አያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት እነሣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን እስከ 4 ሰዓት እተኛለሁ፤ እሑድ ከምሳ በኋላም ጋደም እላለሁ። ቁጥር ቆጥሬያለሁ፣ ትኩስ ወተት ጠጥቻለሁ፣ በስልኬ የዝናብ ድምፅ ከፍቼ ሞክሬያለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግማሽ ኪኒን ሰጥታኝ አንድ ሌሊት ተኛሁ፤ በማግሥቱ ግን ቀኑን ሙሉ ስፈዝ ዋልሁ። እናቴ ‹ዳዊት ድገሚ› ትለኛለች። ከሥራ ስመለስ ጎረቤቶቼ ቡና ይጠሩኛል፤ እሱንም መተው አልቻልሁም። ሰው ሁሉ የየራሱን ዘዴ ይነግረኛል፤ የትኛውን ልያዝ? እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከልደታ።»

ውድ እኅቴ፤

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሁለቱም ጊዜ ዓይኔ የቆመው «ድካሜን ለማካካስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እገባለሁ» ካሉት ላይ ነው። እንቅልፍዎን ያናጋው ሐምሌ ነው፤ እስከ ኅዳር ያቆየው ግን ይኼ ማካካሻ ይመስለኛል። አርተር ስፒልማን የተባሉ አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳስረዱት፣ እንቅልፍ ማጣትን የሚያስጀምረው ነገርና ሥር እንዲሰድ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የሚያስጀምረው ሐዘን፣ ሕመም ወይም እንደ እርስዎ የሥራ ጫና ሊሆን ይችላል፤ ሥር እንዲሰድ የሚያደርገው ግን ሰውዬው ያጣውን እንቅልፍ ለመተካት ሲል የሚያመጣው አዲስ ልማድ ነው። ቀደም ብሎ መተኛት፣ አርፍዶ መነሣት፣ ቀን ጋደም ማለት፣ ሁሉም ለጊዜው ምክንያታዊ ይመስላሉ፤ ሆኖም ሲደጋገሙ ያስጀመረው ምክንያት ካለፈ በኋላም ችግሩን ያኖሩታል።

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆኑ በቁጥር ልናገር። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ አልጋ ላይ የሚያሳልፉት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሚተኙት አምስት ሰዓት፣ ቢበዛ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀሪውን ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የሚደርስ ጊዜ በጨለማ ውስጥ ነቅተው፣ ተበሳጭተው፣ ሰዓት እያዩ ነው የሚያሳልፉት። ይህ ከሐምሌ ጀምሮ በየሌሊቱ ሲደጋገም ሰውነት ከአልጋው የሚማረው ነገር አለ፤ አልጋ የመተኛ ስፍራ መሆኑ ቀርቶ የመገላበጫና የማሰቢያ ስፍራ ይሆናል። ምናልባት ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ዓይንዎ ሲከደን ይሰማዎትና አልጋው ውስጥ ገብተው መብራቱን ሲያጠፉ ወዲያው ንቁ ይሆኑ ይሆናል። ይህ ከደረሰብዎ የአልጋው ትምህርት ዘልቆ ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የሚያስደነግጥዎ ነው፤ አርፍደው ይተኙ። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አልጋ ውስጥ የሚገቡት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይሁን፤ የሚነሡት ደግሞ ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሁን። ሌሊቱን በሙሉ ነቅተው ቢያድሩም የመነሻው ሰዓት አይነካም። የእሑዱ ጋደምታም ይቅር። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍ ፍላጎቱን ያከብደዋል፤ ሲተኛ ይቀንሳል። እሑድ ረፋድ 4 ሰዓት ተነሥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደገና መተኛት ማለት ምሳውን አርፍዶና መክሰሱን ደርቦ በልቶ እራት ላይ ለምን አልራበኝም እንደማለት ነው። በደብዳቤዎ አልነገሩኝም እንጂ የእሑድ ሌሊት ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚብስብዎ እገምታለሁ።

በዚህ ሥርዓት የሚያገኙት ስድስት ሰዓት ለአዋቂ ሰው በቂ አይደለም፤ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልግዎታል። ነገር ግን መጀመሪያ እንቅልፉ ወጥ ይሁን፣ ከዚያ ይረዝማል። አልጋ ላይ ካሳለፉት ጊዜ ከመቶ 85 ያህሉን መተኛት ሲጀምሩ የመተኛ ሰዓትዎን በሳምንት 15 ደቂቃ ወደፊት ያምጡ፤ በአራት ሳምንት ከ6 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይመጣል ማለት ነው። ሰዓቱን ጠዋት ሲነሡ በግምት ብቻ ይመዝግቡ፤ በሌሊት ለመመዝገብ ሰዓት ማየት የተከለከለ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ከአሁኑ የባሰ ድካም ይሰማዎታል፤ በሥራ ላይም የቁጥር ስሕተት እንዳይፈጠር ደጋግመው ያረጋግጡ። መኪና የሚያሽከረክሩ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ወይም ከልክ ባለፈ ደስታና በከባድ ድብርት መካከል የሚያመላልስ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ይህን የማሳጠር ዘዴ ያለ ሐኪም ክትትል እንዳይጀምሩት አደራ እላለሁ።

«ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ምን ልሥራ?» ማለትዎ አይቀርም። ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ከአልጋ ውጭ፣ ሐሳብን የማያስጨንቅ ነገር ይሥሩ፤ የልጆቹን ልብስ ያጥፉ፣ የነገውን ምሳ ዕቃ ያዘጋጁ፣ ከእናትዎ ጋር ይጫወቱ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ግን አይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ አልጋው ላይ የሚደረገው ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ከተሞከሩት ሁሉ ጠንካራው ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ይተኙ፣ ካልመጣ ይነሡ። አልጋ ውስጥ ገብተው ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሆነዎት ከተሰማዎ ወይም መበሳጨት ከጀመሩ ተነሥተው ይውጡ። የኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ መሆኑንና ሳሎኑም ላይ ሰው ሊተኛበት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሌላ ክፍል የግድ አያስፈልግም። አንድ ዱካ ወይም ወንበር በመስኮቱ አጠገብ ያኑሩ፤ ጋቢ ደርበው በጨለማው ይቀመጡ፤ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ መመላለስ ሊኖር ይችላል፤ ምንም አይደለም።

የግድግዳ ሰዓቱን ፊቱን ያዙሩት። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ሁለት ወር ያህል እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌሊት ሰዓት ያየ ሰው ወዲያው መቀነስ ይጀምራል፤ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት ተኩል፣ አሁን ብተኛ አራት ሰዓት» እያለ። የሒሳብ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስልክዎንም ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ይተዉት፤ ለመቀስቀሻ ባለደወል ሰዓት መርካቶ በርካሽ ይገኛል። የስልክ ብርሃን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ማዘግየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደ እኔ አስተያየት ከብርሃኑ ይልቅ የሚጎዳዎት በዝናብ ድምፅ ሰበብ ከፍተውት የመሥሪያ ቤት መልእክት ማየትዎ ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ «ከሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ» የሚለው፣ ለእኛ ሀገር ሰው ጎረቤትዎን ይተዉ እንደማለት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር አዴኖሲን በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ድካሙ ሳይጠፋ የድካሙ ስሜት ይደበቃል። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ዘንድ የጠጣው ካፌን ግማሹ ከሰውነቱ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይረዝማል። እንግዲህ ምሽት 12 ሰዓት ላይ የጠጡት አቦል ግማሹ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ በደምዎ ውስጥ አለ። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ እርስዎ ግን ዛሬ ከእነሱ ወገን አይደሉም።

ሸንጎውን መተው አያስፈልግዎትም። በአንድ ጀበና ውኃ እየተጨመረበት ከሚደጋገመው ቡና ወፍራሙ አቦል ነው፤ ቶና ይቀጥናል፣ በረካ ደግሞ ከሁሉም ይቀጥናል። ስለዚህ ልብስዎን ቀይረው፣ ልጆቹን አይተው፣ ዘግየት ብለው ለበረካ ይድረሱ። በረካን ሳይጠጣ የሄደ ምርቃት ያልፈዋል በሚባልበት አገር ለበረካ ብቻ የደረሰን ሰው የሚቀየም ጎረቤት ያለ አይመስለኝም። በረካም ቢሆን ካፌን አለውና በአንድ ሲኒ ይወሰኑ፤ በወሩ መጨረሻ ለውጥ ካላዩ ፈንዲሻውንና ቆሎውን ይዘው ሲኒውን ይለፉት። ሻይ ቅጠልም ካፌን እንዳለው አይዘንጉ፤ በቀረፋና በቅርንፉድ ብቻ የፈላ ውኃ ግን የለውም።

ከአገራችን ልማዶች ውስጥ ሳይንሱ ዘግይቶ የደረሰበት አንድ ነገር አለ፤ ማታ እግርን በሙቅ ውኃ መታጠብ። አያቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ሲያጥቡ ለአክብሮት ነበር፤ እንግዳውም ብዙም ሳይቆይ ጭልጥ ብሎ ይተኛ ነበር። ሰው ሊተኛ ሲል የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት በትንሹ መቀነስ አለበት፤ ይህም የሚሆነው በእጅና በእግር በኩል ሙቀት ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ የውስጡ ሙቀትም በዚያ በኩል ይወጣል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው አሳይተዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳር ሌሊት የቀዘቀዘ እግር ይዞ መተኛት ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አይገባም። ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው እግርዎን በሳፋ ሙቅ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ አድርቀው ካልሲ ያጥልቁ። ወተቱን ከወደዱት ይጠጡት፤ ጉዳት የለውም፣ ብዙም ግን አይጠብቁበት።

በዓይንዎ ላይ የሚዞረውን ቁጥር በተመለከተ አንድ ደብተር ያስፈልግዎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር፤ ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ ገና የሚሠሩትን። የሚሠሩትን የጻፉት ከሌሎቹ በዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ፤ ዝርዝራቸው በበዛና በተብራራ መጠንም ይበልጥ ቶሎ ተኙ። የሚያስጨንቅን ነገር መጻፍ ያባብሳል ብለን ለምናስብ ሰዎች ያልጠበቅነው ውጤት ነው። እርስዎ ግን ሊገርምዎ አይገባም፤ ያልተዘጋ መዝገብ ምን ያህል እንደሚከነክን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀምጠው «ነገ 3 ሰዓት ላይ የባንክ ማስታረቂያውን እጨርሳለሁ፤ የትንሹን ልጅ የትምህርት ክፍያ በምሳ ሰዓት እከፍላለሁ» ብለው በዝርዝር ይጻፉና ደብተሩን ከመኝታ ክፍልዎ ውጭ ያኑሩት።

አልጋ ውስጥ ከገቡ በኋላ ስለሚደረጉት ዘዴዎች የጠየቁኝን አሁን እመልሳለሁ። ቁጥር መቁጠር ያልሠራልዎት ቁጥር ውጤት ስላለው ነው፤ አራት መቶ ላይ የደረሰ ሰው «አራት መቶ ቆጥሬም አልተኛሁም» ይላል። ሉክ ቦዶይን የተባሉ ካናዳዊ ተመራማሪ ያቀረቡት አንድ ዘዴ አለ፤ ሐሳብን ማሳደድ ትቶ እርስ በርሳቸው በማይያያዙ ሥዕሎች መበተን ነው። ለፊደላችን እጅግ ይመቻል። አንድ ቃል ይያዙ፤ ለምሳሌ ሰላም። በሰ የሚጀምሩትን አንድ በአንድ እያሰቡ እያንዳንዱን በዓይነ ኅሊናዎ ይመልከቱት፤ ሰፌድ፣ ሰጎን፣ ሰንሰለት፣ ሰርዶ። ሲያልቅብዎ ወደ ላ ይሂዱ፤ ላም፣ ላባ፣ ላጲስ። ከዚያ ምጣድ፣ ምንጣፍ፣ ምስር። ሰፌዱን ከሰጎኑ ጋር ለማገናኘት አይሞክሩ፤ ዋናው ነገር አለመገናኘታቸው ነው። ሊያንቀላፋ የቀረበ አእምሮ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ሥዕል ከሥዕል ይዘላል። እኔ ከላ አልፌ የማውቀው ጥቂት ሌሊት ነው። እግርን፣ ጭንን፣ ትከሻን፣ ግንባርን በየተራ አጥብቆ መልቀቅም ይረዳል፤ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባሉ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጀመሩት ነው፤ ቀን በደንብ ካልተለማመዱት ግን ሌሊት አይታዘዝም።

ሁሉም እምቢ ካለ የመጨረሻው ዘዴ እንግዳ ይመስላል፤ በጨለማው ውስጥ ዓይንዎን ገልጠው ላለመተኛት ይሞክሩ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ዝም ብሎ ነቅቶ ለመቆየት መጣር ብቻ። መተኛት ሥራ ሲሆን ይርቃል፤ ግዴታው ሲነሣለት የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናትዎ ያሉትም ትክክል ነው፤ በአንድ ጥንቃቄ። ዳዊት የለመዱ ከሆነ ከመኝታ በፊት ተቀምጠው ከመጽሐፉ ይድገሙ፤ ከስልክ አይሁን። ነገር ግን እንደ ኪኒን እንዳይወስዱት፤ «ስንተኛው መዝሙር ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆን» ብሎ የሚደግም ሰው ቁጥር ከሚቆጥረው አይለይም።

ጠዋት ሲነሡ መጋረጃውን ይክፈቱ። የሰውነታችን ሰዓት ዋነኛ መሙያው ብርሃን ነው፤ የዚህን ሰዓት አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑ ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ የሰሜን አውሮፓ ሰው በክረምት የሚያጣውን እኛ በየጠዋቱ በነፃ እናገኛለን። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ታክሲ ከመሰለፍ በእግር መሄድ ቢችሉ ብርሃኑንም እንቅስቃሴውንም በአንድ ጊዜ ያገኛሉ።

የባልደረባዎን ኪኒን ግን አይድገሙት። ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ከሚገመቱት አንዱ ዲያዜፓም ነው፤ እሱም በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ በማግሥቱ መፍዘዝዎን ያስረዳል። በየቀኑ ሲወሰድ ሱስ ያስይዛል፤ ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ በድንገት ቢያቆም አደጋ አለው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት መሞከር ያለበት ከላይ የዘረዘርሁት ዓይነት የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና መሆኑን አስቀምጧል።

ቢሆንም የእርስዎ ችግር በሳምንት ከሦስት ሌሊት በላይ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ቆይቷልና ሐኪም ማየትዎ ተገቢ ነው። ማታ እግርዎን አላስቀምጥ የሚል የመነዝነዝ ስሜት ካለ የደም ብረት ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የታይሮይድ ዕጢም ሊመረመር ይገባል። እርስዎ ተኝተው ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ እናትዎ ካስተዋሉ ወይም ነገሮች ሁሉ ጣዕም አጥተውብዎ ከሆነ አይዘግዩ። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ቢልኩዎትም ስሙን ሰምተው አይሸማቀቁ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም እዚያ ይታያል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህን ከመጀመርዎ በፊት ለእናትዎ ይንገሯቸው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በመስኮቱ አጠገብ ጋቢ ለብሰው ዱካ ላይ ተቀምጠው ቢያገኙዎት መደንገጣቸው አይቀርም፤ እናት ናቸውና መብራት አብርተው፣ «ምን ሆነሻል» ብለው፣ ሻይ ሊያፈሉ ይነሣሉ። መብራቱን እንዳያበሩ፣ ሻዩንም እንዳያፈሉ፣ አይተው እንዳላዩ ሆነው ወደ መኝታቸው እንዲመለሱ ከአሁኑ ይስማሙ።